ድምፅ አልባው የህንድ ሲኒማ

አድማጮቻችን፣ የህንድ ፊልም ሲባል ዘፈንና ጭፈራ ትዝ ይለናል። አጀማመሩ ግን ድምፅ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1913 የፊልም ሠሪው ዳዳሳሄብ ፋልኬ «ራጃ ሃሪሽቻንድራ» የተባለውን ፊልሙን ቦምቤይ ላይ ለሕዝብ አሳየ። በፊልሙ ያለችውን ንግሥት የምትጫወት ሴት ቢያጣ፣ ሳሉንኬ የተባለውን የምግብ ቤት ሠራተኛ ሳሪ አለበሰው። ይኸው ወጣት በ1917 በወጣው «ላንካ ዳሃን» ራማንም ሚስቱን ሲታንም ሆኖ ተጫወተ፤ ባልም ሚስትም እሱው!

ድምፅ የመጣው በኋላ ነው፤ የ1931ዱ «አላም አራ»፣ የህንድ የመጀመሪያው ባለ ድምፅ ረጅም ፊልም፣ ዛሬ አንድም ቅጂ የለውም። ያሳዝናል።

ወደ ድምፅ አልባዎቹ ስንመለስ፣ ለጀማሪ እኔ የምመርጠው የ1928ቱን «ሺራዝ» ነው፤ ታጅ ማሃልን ነደፈ ስለተባለ አፍቃሪ የሚተርክ ልብ ወለድ። በ2017 ታድሶ ሲቀርብ የሲታር ተጫዋቿ አኑሽካ ሻንካር አዲስ ሙዚቃ ሠርታለታለች። ከወደዳችሁት፣ በቁማር መንግሥቱንም እጮኛውንም ስለሚያጣ ንጉሥ የሚተርከውን የ1929ኙን «ኤ ትሮው ኦቭ ዳይስ» አስከትሉ።