ኤቲኤም፣ የአገልግሎት ክፍያ እና የደቡብ ኦሞ ተገልጋይ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የወር ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን በጂንካ ከተማ ከባንክ ደጃፍ የሚታየው ሰልፍ የከተማው ነዋሪ ብቻ አይደለም። ከገጠር ወረዳ ተሳፍሮ የመጣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ሠራተኛም ይገኝበታል። ይህ ሰው ተራው ሲደርስ የራሱ ባንክ ማሽን «ለጊዜው አገልግሎት አይሰጥም» ቢለው ወደ ጎረቤት ባንክ ማሽን ይሻገራል። እዚያም ገንዘቡን ያገኛል፤ ከሒሳቡ ላይ ግን የአገልግሎት ክፍያ ይቀነስበታል። ምሬቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። «የገዛ ገንዘቤን ለማውጣት ስለ ምን እከፍላለሁ?» ይላል። ጥያቄው ተራ ቢመስልም ለመሐንዲስም ሆነ ለባንክ ባለሙያ ቀላል መልስ የለውም።

የገንዘብ መክፈያ ማሽን ለሕዝብ አገልግሎት መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን ከተማ ኤንፊልድ በተባለው ሠፈር፣ በባርክሌስ ባንክ ቅርንጫፍ ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 8 ማሽኖችን በአዲስ አበባ ተከለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ማሽን ላይ እንደ ባዕድ ይቆጠር ነበር። ባንኮቹ በጋራ ያቋቋሙት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ማሽኖቹን እርስ በርስ ሲያገናኝ ካርድ የያዘ ሰው ሁሉ በየትኛውም ባንክ ደጃፍ መቆም ቻለ። ይህ ታላቅ ጥቅም እንደ ነበር መካድ አይቻልም፤ ጥቅሙ ግን ከነዋጋው መጣ።

ዋጋው ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የመልእክቱን ጉዞ መከተል ያስፈልጋል። አንድ ሰው ጂንካ ላይ የሌላ ባንክ ማሽን ሲጠቀም ጥያቄው በመጀመሪያ ወደ ማሽኑ ባለቤት ማዕከል አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ኢትስዊች፣ ከኢትስዊችም ካርዱን ወደ ሰጠው ባንክ ይተላለፋል። ያ ባንክ ሒሳቡን አይቶ ገንዘቡን ከቀነሰ በኋላ ፈቃዱ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይመጣል። ማሽኑ ብር መቁጠር የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ሒሳቡ ከተቀነሰ በኋላ፣ ብሩ ከመውጣቱ በፊት መስመሩ ቢቋረጥ ወይም ኖቱ ቢጣበቅ የመሰረዣ መልእክት በጊዜው ላይደርስ ይችላል። ሰውዬው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ሒሳቡ ግን ጎድሏል። የጎደለው እስኪመለስ ድረስ የማሽኑ መዝገብ ከሣጥኑ ቆጠራ ጋር መመሳከር አለበት፤ ይህም ቀናት ይወስዳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ መጉላላት ነው፤ ከገጠር ወረዳ ለመጣ ሰው ግን ዳግመኛ መመላለስን ያስከትላል፤ የመሳፈሪያው ወጪ ደግሞ ከአገልግሎት ክፍያው እጅግ ይበልጣል።

ማሽኑ ራሱ ልክ አለው። በተለመደው አሠራር 4 ሣጥኖች አሉት እንበል፤ እያንዳንዱም 2,000 ኖት ይያዝ። ሁሉም ባለ 200 ብር ቢሆን እንኳ ጠቅላላው 1,600,000 ብር ነው። ብዙ ማሽኖች በአንድ ጊዜ ከ40 ኖት በላይ አይተፉምና አንድ ሰው በአንድ ጊዜ 8,000 ብር ቢያወጣ 200 ሰዎች ሣጥኖቹን ባዶ ያደርጓቸዋል። የደመወዝ ዕለት 200 ሰው ብዙ አይደለም። ባለ 200 ብር ኖት በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሲወጣ ማሽኑ የሚይዘው መጠን እጥፍ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዋጋ ንረቱ ይህን ትርፍ በላው። ሕዝቡ ባንኩ ገንዘቡን የደበቀበት ሲመስለው አንዳንድ ጊዜ ሣጥኑ አልቆ ነው። ይህን ማንም አይነግረውም፤ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው።

«በስልክ ይክፈል» የሚሉ አሉ። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ እንደ ረዳ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሐሙስ ቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ ዲመካ፣ ሰኞ ቱርሚ የሚውል ሰው ፍየል ወይም ማር ሲገዛ ሻጩ የሚቀበለው በእጁ የሚይዘውን ብር ነው። እንዲያውም ባለ 200 ብሩ እዚያ ሲደርስ ዝርዝር ፍለጋ ያንከራትታል። ማሽን ትልቁን ኖት ይወዳል፤ የገበያ ሰው ትንሹን ይፈልጋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ነገሩ እንደየቦታው መታየት እንዳለበት ያስረዳል። በአውስትራሊያ አራቱ ታላላቅ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2017 ለሌላ ባንክ ደንበኛ የሚጠይቁትን ክፍያ አስቀሩ፤ ሕዝቡ ተደሰተ፣ የማሽኖቹ ቁጥር ግን እየቀነሰ ሄደ። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2014 የወሰነው ከዚህ ይልቅ ለጂንካ ይቀርባል። በስድስቱ ታላላቅ ከተሞች በሌላ ባንክ ማሽን በነፃ ማውጣት በወር ወደ 3 ጊዜ ሲወርድ በሌሎች ሥፍራዎች 5 ጊዜ ሆኖ ቀረ። ማሽን በበዛበት ቦታ ሰው አማራጭ አለው፤ በሌለበት ግን ክፍያው ቅጣት ይሆናል።

የማሽኑ ባለቤት ባንክ ለጥበቃ፣ ለመስመር፣ ለባትሪ፣ በመንገድ ለሚጓጓዘው ብር ያወጣውን መልሶ ማግኘቱ ተገቢ ነው። ክፍያ ይቅር ማለት በደቡብ ኦሞ ተጨማሪ ማሽን የሚተክል ባንክ አይኑር ማለት ሊሆን ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው ከፋዩ ማን ይሁን የሚለው ነው። በአንድ ከተማ ያለው የባንኩ ማሽን ባዶ ሆኖ ወይም ተበላሽቶ ደንበኛው ወደ ሌላ ከተሻገረ፣ ክፍያውን መሸፈን ያለበት ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ሥራውም ከባድ አይደለም። የማሽኑ አለመሥራት በባንኩ ማዕከል በደቂቃና በሰዓት ይመዘገባል፤ ደንበኛው በጎረቤት ማሽን ያወጣበት ሰዓትም እንዲሁ። ሁለቱን መዝገቦች አገናኝቶ ክፍያውን ለደንበኛው የሚመልስ ፕሮግራም የዚህ ማኅበር ወጣት አባላት ሊጽፉት የሚችሉት ነው። እስከዚያው ድረስ ቢያንስ የክፍያው ልክ ቁልፉ ከመነካቱ በፊት በስክሪኑ ላይ፣ በአማርኛ፣ በጉልህ ፊደል ይታይ፤ ማሽኑም ብር ሲያልቅበት «ብር የለም፤ የሚሞላው በዚህ ሰዓት ነው» ይበል።