ቀሪው ዜሮ ሲሆን



የ7²⁰¹⁶ የአንድ ቤት አሃዝ ስንት ነው? የ7 ርቢዎች በ7፣ 9፣ 3 እና 1 እያበቁ በየ4ቱ ይደጋገማሉ። 2016 ለ4 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ነው። በፈተና ላይ ብዙዎች እዚህ ሲደናገሩና የዙሩን መጀመሪያ 7ን ሲመርጡ አያለሁ።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህን ከፈቱት ቆይተዋል። ዓመተ ዓለሙን ለ4 ይገድፋሉ፤ 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ የመጨረሻው ዮሐንስ ነው። 2016 ዓ.ም. ከ5500 ጋር ተደምሮ 7516 ስለሚሆንና ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ዘመነ ዮሐንስ ነበረ።

እንግዲህ ዜሮ ቀረ ማለት ዙሩ ሞላ ማለት ነው፤ መልሳችንም 1 ነው። ምክንያቱን የያዘ ተማሪ ቀመሩ ቢጠፋበት እንኳ መልሱ አይጠፋበትም።