ውኃ ፈላጊዎች በዝተን ስለ ምን ሜዳ አገኘን?

ክቡራን መምህራን፣ የተከበራችሁ የሰቆጣና የዙሪያዋ ወላጆች፣ ውድ ጓደኞቻችን ሆይ፤

በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን እናመሰግናለን። ነገራችን ስለ ድምፅ አሰጣጥ ነው።

ለመታሰቢያ ባዋጣነው ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ለመወሰን 52 ሆነን ድምፅ ሰጥተን ነበር። 20ው የኳስ ሜዳው ይስተካከል፣ 17ቱ የጣራውን ዝናብ የሚያጠራቅም ታንከር ይገዛ፣ 15ቱ ምንጩ ይጠገን አሉ። ሜዳው አሸነፈ። እስቲ ልብ በሉ፤ ውኃ የፈለግነው 32 ነበርን! ነገር ግን በሁለት ሐሳብ ስለ ተከፈልን ተሸነፍን። በበጋ ጀሪካን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ ለወላጆች መንገር አያሻም፤ ከሃያዎቹ መካከል ግን አንዲት ሴት ልጅ እንኳ አልነበረችም።

ይህን ደንብ እኛ አልፈጠርነውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል ይላል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግን ግዴታው አይደለም። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘመን 21 ዓመት የሞላቸው ሴቶችም ወንዶችም እንዲመርጡ ተፈቅዶ ነበር፤ ለመመረጥ ግን ንብረት ይጠየቅ ነበርና እንስራ ተሸካሚዋ ከምክር ቤቱ በር አትደርስም ነበር። ስለ ዋግ ሹሞች ዘመንማ ምን እንላለን፤ ድምፅ የሚቆጥር ማን ነበርና!

ፈረንሳዮች ፕሬዚዳንታቸውን ሲመርጡ ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ሁለቱን ቀዳሚዎች እንደገና ያወዳድራሉ። እኛም እንዲሁ ብናደርግና የምንጩ ወገኖች ወደ ታንከሩ ቢዞሩ 32 ለ20 በሆነ ነበር። በእድር እንደሚደረገው ሁሉም እስኪስማማ እንነጋገር የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን አንድ እምቢተኛ ምንጩን ያስቀረዋል። ደግሞም ኮንዶርሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1785 እንዳስረዳው፣ ብዙኃኑ ሜዳውን ከታንከሩ፣ ታንከሩን ከምንጩ፣ ምንጩን መልሶ ከሜዳው ሊያስበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ አሸናፊውን የሚወስነው ጥያቄውን በተራ የሚያቀርበው ሰው ነው።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል በሰቆጣ ስም ይጠራል። ንጹሕ ውኃም የዚያ ሥራ ክፍል ነው። እነዚያ ሕፃናት በየትኛውም ደንብ ድምፅ የላቸውም፤ እኛ ግን አለን።

ሜዳው ገና አልተነካም፤ ገንዘቡም በሣጥን ነው። ስለዚህ ከመለያየታችን በፊት በሜዳውና በታንከሩ መካከል ሁለተኛ ድምፅ እንዲሰጥ በትሕትና እንጠይቃለን። ከሃያዎቹ 11ዱ ከእኛ ጋር ፈርመዋል። 9ኙን ገና እያነጋገርን ነው።