የጭምብል ቲያትር አሽከሮች



በቡና ለቀማ ወራት ከየአገሩ ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ የሚጎርፈውን ሠራተኛ ኪቶ ፉርዲሳ የሚውል መሐንዲስ ሁሉ ያውቀዋል። የጣሊያን የጭምብል ኮሜዲ አሽከርም መነሻው እንዲህ ያለ እንጀራ ፈላጊ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቤርጋሞ ተራሮች ወርዶ በቬኒስ ይሸከም የነበረው ድኃ፣ «ጆቫኒ» የሚለው ተራ ስሙ በአካባቢው አነጋገር «ዛኒ» ተብሎ፣ ለመድረክ መሳቂያ ሆነ። ብሪጌላ ተንኮል ይጎነጉናል። ልብሱ በእራፊ የተጣፈው፣ የቆዳ ጭምብል ያጠለቀው አርሌኪኖ ደግሞ የታዘዘውን አዛብቶ ይፈጽማል፤ ዝንብ አጥምዶም እንደ ጮማ ያጣጥማል። ሣቁ የሚቀዳው ከረኃብ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎልዶኒ በደረሰው «የሁለት ጌቶች አሽከር» ውስጥ ትሩፋልዲኖ ለሁለት ጌቶች የሚያድረው ደመወዙም ምግቡም እጥፍ እንዲሆንለት ነው።

በኢትዮጵያ መድረክ መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በደረሱት «ያላቻ ጋብቻ» የቤት ሠራተኛይቱን ከመሳቂያነት አውጥተዋታል። የተማረው አሳዳሪዋ ያገባታል፤ የሚሳቀው በዘር በሚመኩት ላይ ነው። ትልቅ ሥራ ነው። ይሁንና እርሷን ከፍ ያደረጋት የአሳዳሪዋ ምርጫ ሲሆን፣ ትሩፋልዲኖ ሁለተኛውን ጌታ የያዘው ማንንም ሳያስፈቅድ ነው።