የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የሕፃናት የንባብ ጅማሬ



የተሰጠኝ ርእስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕፃናትን ወደ ንባብ በማድረስ ረገድ ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጉዳይ ይመስላል፤ ጠልቀን ብንመረምረው ግን የእኛው የመምህራን ጉዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ፊደላችን 33 ዋና ሆሄያት አሉት፤ እያንዳንዱም በሰባት ድምፅ ስለሚረባ፣ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ 231 ቅርጽ ይሆናል። ይህን ሁሉ በዜማ ማስጠናት ይቻላል። ሆኖም «ሀ ሁ ሂ» ብሎ ያለ ስሕተት የሚወርድ ልጅ፣ ከገበታው መካከል አንዱን ፊደል ነጥለን ብናሳየው ግራ የሚጋባበት ጊዜ ብዙ ነው። የቀደሙት የኔታዎች ይህን ዐውቀው አቡጊዳን አስከተሉ፤ ተራው ሲፈርስ ልጁ በጆሮው የለመደውን ትቶ በዓይኑ ይለያልና። ከዚያም ወደ መጽሐፍ አሻገሩት። ፊደል መንገድ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም፤ መንገዱን ያሳየነውን ልጅ የሚሄድበት ስፍራ ካልሰጠነው ከመነሻው ላይ ይቀራል።

በ2002 ዓ.ም በአያሌ ክልሎች በተደረገ የንባብ ፈተና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስት አንድ የሚያህሉት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር ሌላ መጽሐፍ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ ንባብን ከየት ይለምደዋል?

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ረገድ ሦስት ነገር ይሰጣል። የመጀመሪያው ማዳመጥ ነው። ገና ፊደል ያልለየ ሕፃን መጽሐፍ ሲነበብለት፣ ጥቁሩ ምልክት ቃል እንደሚናገር፣ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ ይረዳል፤ በቤቱ ጨዋታ የማይሰማውንም ቃል ይቀስማል። ሁለተኛው ምርጫ ነው። መማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም አንድ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት ግን ልጁ ልቡ የወደደውን ራሱ ያነሣል። ሦስተኛው ውሰት ነው። መጽሐፉ ቤት ሲገባ ታላቅ ለታናሽ ያነባል፤ ማንበብ የማትችል እናትም ሥዕሉን እያየች «ይህ ምን ያደርጋል?» ብላ ልጇን ታናግራለች።

ለዚህ ምስክር አለን። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው ባለማግኘታቸው ራሳቸው አዘጋጁ፤ በ1995 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ በኋላም በሐዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ተጭነው ወደ ልጆች ሄዱ። በጎረቤታችን በኬንያም ከ1988 ዓ.ም በኋላ በጋሪሳ አካባቢ የአርብቶ አደሩን ልጆች መጽሐፍ በግመል ይጐበኛቸው ጀመር።

አሁን ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ የአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቁም ሣጥን ቁልፍ በእጄ ነበር። መጽሐፍ ቢጠፋ ዋጋው ከደመወዜ እንደሚቈረጥ ተነግሮኛል። አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ በየዕለቱ ከመስታወቱ ፊት እየቆመች ዶሮ የተሣለበትን አንድ መጽሐፍ ትመለከት ነበር። ስትለምነኝ፣ «እጅሽ ሳይታጠብ አይሆንም» አልኋት። በማግስቱ ውሃው ያልደረቀ እጇን ዘርግታ መጣች። እኔም ሌላ ምክንያት ፈለግሁ። በዓመቱ መጨረሻ ንብረት ሲቈጠር፣ ከተረከብኋቸው መጻሕፍት አንድም አልጐደለም፤ አንድም አልተነበበም። እኔም ስለ ጥንቃቄዬ ተመሰገንሁ።

ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ስለዚህ ሹማምንቶቻችንን የምለምነው፣ በንባብ ያረጀ መጽሐፍ ከመዝገብ በቀላሉ የሚሠረዝበትን ሥርዐት እንዲያበጁ፣ ሪፖርቱም ስንት መጽሐፍ ቀረ ከሚለው ይልቅ ስንት ጊዜ ተዋሰ የሚለውን እንዲጠይቅ ነው። የቤተ መጻሕፍት ኀላፊዎችም ዝምታ ለጐልማሶች እንጂ ለሕፃናት የተገባ እንዳልሆነ ተገንዝበው፣ ድምፅ የሚፈቀድበት ምንጣፍ የተነጠፈበት አንድ ማእዘን ይስጧቸው። እኛ መምህራን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት በቅርብ ካለ ታናናሾቹን በሳምንት አንድ ቀን እንውሰዳቸው፤ ከሌለም በአንድ ቅርጫት ጥቂት መጻሕፍት ይዘን በየዕለቱ ሩብ ሰዓት እናንብብላቸው።

ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር በ1936 ዓ.ም ተቋቋመ፤ አብርሆት በ2014 ዓ.ም ተከፈተ። ሕንጻ መሠራቱ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን በየቀበሌው ያለውን የትንሹን ቁም ሣጥን ቁልፍ የያዝነው እኛ ነን። እጇን ታጥባ የምትመጣውን ልጅ ባዶ እጇን አንመልሳት።