የፍሳሽ ዝቃጭ ወደ እርሻ ከመግባቱ በፊት
(በላስ ቬጋስ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የቀረበ ንግግር)



በዚህ ጎዳና ከየቤቱ፣ ከየምግብ ቤቱና ከኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ፍሳሽ በማጣሪያ ጣቢያ ለሁለት ይከፈላል። ውኃው ተጣርቶ በላስ ቬጋስ ዋሽ በኩል ወደ ሚድ ሐይቅ ይመለሳል፤ ዝቃጩ ግን ተጨምቆ ወደ ቆሻሻ መድፊያ ይጓዛል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ይኸው ዝቃጭ ታክሞ በእርሻ ላይ ይበተናል።

ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ዝቃጩ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና አፈርን የሚያለሰልስ ብስባሽ ይዟል። የኬሚካል ማዳበሪያዋን ከውጭ ለምታስገባው ኢትዮጵያም ነገሩ የሚያጓጓ ነው።

ሆኖም ፍሳሽ ከተማው የጣለውን ሁሉ ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ ፌደራል ደንብ ዛሬ ገደብ የሚያበጀው ለተሕዋስያንና ለ9 ብረታ ብረቶች ብቻ ነው፤ በአካባቢ የማይበሰብሱት የፒፋስ ኬሚካሎች በውስጡ የሉም። በጥር 2025 የፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባወጣው ረቂቅ ግምገማ፣ ከእነዚህ ኬሚካሎች ሁለቱ በዝቃጭ ውስጥ ከቢሊዮን 1 እጅ ብቻ ቢገኙ እንኳ ዝቃጩ በተበተነበት መሬት ለሚኖሩና ምርቱን ዘወትር ለሚመገቡ ሰዎች ከተፈቀደው በላይ አደጋ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አመልክቷል። ሜይን ግዛት ግን አስቀድማ በ2022 ዝቃጭ በእርሻ ላይ እንዳይበተን በሕግ ከልክላ፣ ለተጎዱ ገበሬዎች 60 ሚሊዮን ዶላር መድባለች።

ከዚህ ለአዲስ አበባ የሚተርፍ ትምህርት አለ። ከ2018 ወዲህ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተስፋፋው የቃሊቲ ጣቢያ ዝቃጭ ያመርታል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ደግሞ ቆስጣና ጎመን በተበከለ ውኃ ይለማሉ፤ ቆዳ ፋብሪካዎችም ክሮሚየም ይለቃሉ። የአሜሪካው ደንብ የክሮሚየምን ገደብ በ1995 ስለሰረዘ፣ እንዳለ ቢገለበጥ ለአዲስ አበባ ዋነኛ የሆነውን ብክለት ሳይነካ ያልፋል።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎች አራት ነገሮችን ሊደነግጉ ይገባል፦

1. ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ወደ ሕዝብ መስመር ከመልቀቃቸው በፊት በግቢያቸው ያክሙ።
2. ዝቃጭ ከመበተኑ በፊት ለፒፋስ፣ ለክሮሚየምና ለጥገኛ ትላትል እንቁላል ይመርመር።
3. ውጤቱ ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ ይሰጠው፤ መሬቱም ይመዝገብ።
4. ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱ የአመንጪው እንጂ የገበሬው አይሁን።

በስጦታ የመጣ ማዳበሪያ ርካሽ ይመስላል፤ አንዴ የተበከለን አፈር ለማጽዳት ግን የገበሬው አቅም አይበቃም። ደንቡ ከጭነት መኪናው ቀድሞ እርሻው ደጃፍ ሊደርስ ይገባል።