የኤሌክትሪክ ሽቦና የመምህር ኃላፊነት
(በጅቡቲ ወደብ ለመምህራን የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ከራሳችን በላይ ተዘርግቶ ዕለት ዕለት ስለምናየው፥ ዳሩ ግን ከልማድ ብዛት የተነሣ ልብ ስለማንለው ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ነገሩ የመሐንዲስ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የሕፃናት ሕይወት ያለበት ስለሆነ የመምህርም ጉዳይ ነው።

የዚህች ከተማ አሮጌው ክፍል የተሠራው በባሕር መካከል ባሉ፥ ኋላም በድንጋይ ሙሌት በተያያዙ የኮራል ድንጋይ ከፍታዎች ላይ ነው። ለብዙ ዘመን መብራቷ የሚገኘው በነዳጅ ከሚሠሩ ሞተሮች ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግን ከድሬዳዋ አቅጣጫ ተነሥቶ 280 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው የ230,000 ቮልት መስመር ተመርቆ፥ የኢትዮጵያ ወንዞች ኃይል እስከ ባሕሩ ዳር ደረሰ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ ከሐዲዱም በላይ 25,000 ቮልት የሚሸከም ሽቦ ተዘረጋ። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ሰውን ለመግደል ይበቃል።

አሮጌው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ጀምሮ፥ በሐዲዱ ዳር የኖረው ሕዝብ ከፉርጎው ጣራ በላይ ሰማይ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለ ያውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ጣራ ላይ የወጣ ልጅ የሚያሰጋው መውደቅ ነበር። ዛሬ ግን ጣራ ላይ መውጣት ከሞት ጋር መጋፈጥ ነው፤ ሽቦውን መንካት እንኳ አያስፈልግም። ሰው አብዝቶ ከቀረበ ኮረንቲው አየሩን ሰንጥቆ ይዘልበታል። ልማድ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ አደጋው ግን አዲስ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላ ከመምህር በቀር ማን አለ?

የባሕር ዳር አገር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከባሕር የሚነሣው ነፋስ ጨው ይዞ ይመጣና፥ ከበረሓው አቧራ ጋር ተደባልቆ፥ ሽቦውን ከምሰሶው የሚለዩትን፥ ሠራተኞች «ስኒ» የሚሏቸውን ዕቃዎች ይለብሳቸዋል። ዝናብ በጣም ጥቂት ስለሆነ የሚያጥባቸው የለም። እርጥበት ሲያገኛቸው ግን ያ የጨው ሽፋን ኮረንቲ ማሳለፍ ይጀምራል። ጨው ብረቱንም ይበላዋል፤ የተበላም ሽቦ አንድ ቀን ይበጠሳል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከተማዋን ጎርፍ ያጥለቀለቃት ጊዜ እንዳየነው፥ መንገዱ ሁሉ ውሃ በሆነበት ሰዓት የወደቀ ሽቦ ከውሃው በታች ቢኖር ለይቶ የሚያየው የለም።

በክፍል ውስጥ ተማሪዎች ዘወትር የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ «ወፍ በሽቦው ላይ ተቀምጣ ስለምን አትሞትም?» የሚል ነው። መልሱን ካልሰጠናቸው ሽቦው የማይጎዳ ይመስላቸዋል። ወፊቱ የዳነችው ሁለቱም እግሮቿ በአንድ ሽቦ ላይ ስለሆኑና መሬትን ስላልነካች ነው። ሰው ግን በመሬት ላይ ቆሞ ሽቦውን ሲነካ፥ በገዛ አካሉ ለኮረንቲው መንገድ ይከፍትለታል። አንዲት ባለ 60 ዋት አምፑል የምትወስደው 270 ሚሊ አምፔር ያህል ነው፤ የሰውን ልብ ለማወክ ግን ከ50 እስከ 100 የሚሆነው ሊበቃ ይችላል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሕፃን ፊደል እንደሚያጠና አድርጎ ሊያጠናቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ የወደቀ ሽቦ ሁሉ ሕያው ነው ብሎ ከ10 ሜትር በላይ መራቅ፤ በአጠገቡ የተገኘ እንደሆነ ግን ኮረንቲው በመሬቱ ላይ ስለሚሠራጭ፥ እግሮቹን ሳያራርቅና ሳያነሣ በአጭር በአጭሩ እየጎተተ መውጣት። ሁለተኛ፥ ኮረንቲ የያዘውን ሰው፥ ወንድምም ቢሆን፥ ኃይሉ ሳይቋረጥ በእጅ አለመንካት፤ ይልቁንም ማብሪያውን ማጥፋትና አዋቂ መጥራት። ሦስተኛ፥ ረጅም ብረት፥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ወይም እርጥብ ገመድ ይዞ ከሽቦ በታች አለመሄድ።

አንዳንድ ባልንጀሮች፥ «ሕፃናትን አታስፈራሩ፤ ኤሌክትሪክ የሥልጣኔ ምልክት ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ማስፈራራት ሌላ፥ ማስጠንቀቅ ሌላ ነው። በእሳት የሚበስለውን እየበላን ልጆቻችንን ከእሳት እንጠብቅ የለምን?

ከዚህ የሚከብድም ነገር አለ። ከእንጨትና ከቆርቆሮ በተሠሩ ሰፈሮች፥ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በተቀጣጠለ ሽቦ መብራት የሚያገኝ ቤተ ሰብ አለ። ልጁ የቤት ሥራውን የሚሠራው በዚያች መብራት ነው። እርሱን «ሽቦውን ቁረጡት በል» ብሎ መላክ ትምህርት አይሆንም፤ ጨለማን ማዘዝ ነው። የሚችለውን እናስተምረው፤ የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ለአባቱ ይንገር። የማይችለውን ግን እኛ ኃላፊነት እንውሰድለት። የትምህርት ቤት ኃላፊ በተማሪዎቹ መንገድ ላይ ያዘመመውን ምሰሶና የረገበውን ሽቦ መዝግቦ፥ ለኤሌክትሪክ ድርጅቱ በጽሑፍ ያመልክት፤ መልስ እስኪያገኝም አይተኛ።

በመምህራን ማሠልጠኛ የምናስተምር ደግሞ ሌላ ዕዳ አለብን። ዕጩ መምህራን የኦምን ሕግ ያለ ስሕተት በሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ዳሩ ግን ሕጉን ያወቀ ሁሉ በትምህርት ቤቱ በር ሽቦ ቢወድቅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃልን? በፈተናችን ላይ ይህንንም እንጠይቅ። የማስተማሪያውም ወቅት ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት እንጂ አደጋ ከደረሰ በኋላ አይሁን፤ አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነውና።

ሁለት አገሮችን ያገናኘው ይህ ሽቦ ትልቅ በረከት ነው። በረከትነቱ የሚጸናው ግን ከሥሩ የሚያልፈው ልጅ በደኅና ወደ ቤቱ ሲገባ ነው።